ከሥራ ስትቀነሱ አንኢምፕሎይመንት እንዴት ይጠየቃል? ለዲሲ፣ ለሜሪላንድ እና ለቨርጂኒያ ሠራተኞች ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ሥራ ስናጣ መጀመሪያ ስልክ አንስተን ወዳጅ ዘመድ ጋር እንደውላለን። ጥሩ ነው፤ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። በዚያው ሳምንት መደረግ ያለበት ሌላ ነገር ግን አለ፤ አንኢምፕሎይመንት ማመልከት፤ ማለትም ሥራ ላጣ ሠራተኛ ለጊዜው በየሳምንቱ የሚሰጠውን ክፍያ መጠየቅ። ይሄኛውን ብዙዎቻችን እናዘገየዋለን። አንዱ "የመንግሥት እርዳታ አልፈልግም" ይላል። ሌላው "ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል" ብሎ ይፈራል። ሌላው ደግሞ "ለኔ አይሰጡኝም" ብሎ ሳይሞክር ይተወዋል። በዚህ መሀል ሳምንቱ ያልፋል። ያለፈ ሳምንት ደግሞ በቀላሉ አይመለስም፤ ማመልከቻው የሚቆጠረው ከሞላችሁበት ሳምንት እሑድ ጀምሮ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ሥራው በቆመበት ሳምንት አመልክቱ። ሙሉ መረጃ ባይኖራችሁም፣ ይገባኛል አይገባኝም ብላችሁ ብትጠራጠሩም አመልክቱ። የመወሰን ሥራ የቢሮው ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ይህ ክፍያ ኢንሹራንስ ነው። መሠረቱ የተጣለው በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። አሠሪያችሁ በስማችሁ ግብር ሲከፍልበት ቆይቷል። ለፌዴራል መንግሥት ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ የመጀመሪያዎቹ 7,000 ዶላር ላይ ይከፍላል፤ ለስቴቱ ደግሞ ለብቻው ይከፍላል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሠራተኛው ቼክ ለዚህ ተብሎ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ለዚህም ነው ፔይ ስተባችሁ (የደመወዝ ደረሰኛችሁ) ላይ የማታዩት። ግን በእናንተ ሥራ ምክንያት የተከፈለ ገንዘብ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ እየከፈለ ቆይቶ ሲጋጭ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው የለም። እዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም።

የኢሚግሬሽኑን ስጋት በተመለከተ፦ አንኢምፕሎይመንት ሠርታችሁ ያገኛችሁት ጥቅም ነው። "ፐብሊክ ቻርጅ" በሚባለው፣ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ ብሎ በሚመረምረው ሕግ ከሚታዩት የችግረኛ የገንዘብ ድጎማዎች ውስጥ አይደለም፤ በ2022 የወጣው የፌዴራል ደንብም ይህን በግልጽ አስቀምጧል። በሂደት ላይ ያለ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ካላችሁና ልባችሁ ካላረፈ ጠበቃችሁን ጠይቁ። በወሬ ብቻ ግን መብታችሁን አትተዉ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። የሥራ ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ደመወዙን ባገኛችሁበት ጊዜም፣ አሁን በምትጠይቁበት ጊዜም። ግሪን ካርድ ያለው ችግር የለበትም። በአሳይለም ሂደት ላይ ሆኖ ወርክ ፐርሚት ያለውም እንዲሁ። ወርክ ፐርሚቱ ካለፈ ግን ክፍያውም ይቆማል፤ ስለዚህ ማደሻ ቀኑን ተከታተሉ።

የምታመለክቱት የት ነው?

በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምታመለክቱት በምትኖሩበት ስቴት ሳይሆን በሠራችሁበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ዲሲ ሆቴል ውስጥ ከሠራችሁ የምታመለክቱት ለዲሲ ነው። ዲሲ እየኖራችሁ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ከሠራችሁ ለቨርጂኒያ ነው።

ባለፈው ዓመት ተኩል በሁለት ስቴት የሠራ ሰውስ? በሳምንቱ ቀናት ዲሲ ፓርኪንግ፣ ቅዳሜና እሑድ ሜሪላንድ ጋዝ ስቴሽን የሚሠራ ብዙ አለ። በሁለቱ ስቴቶች ያገኛችሁት ደመወዝ ተደምሮ በአንዱ በኩል እንዲከፈላችሁ መጠየቅ ይቻላል። ማመልከቻው ላይ ሁሉንም አሠሪዎች መጻፍ ያለባችሁ ለዚህ ነው። ከመሙላታችሁ በፊት ደውላችሁ በየትኛው ስቴት ብታመለክቱ ክፍያው ከፍ እንደሚል ጠይቁ፤ ልዩነት ሊኖረው ይችላል።

ዲሲ ውስጥ ጉዳዩን የያዘው የኢምፕሎይመንት ሰርቪስስ መሥሪያ ቤት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሌበር መሥሪያ ቤቱ "ቢከን" የሚባል የኢንተርኔት መግቢያ አለው። በቨርጂኒያ የኢምፕሎይመንት ኮሚሽኑ ነው። የሁሉም ድረ ገጽ አድራሻ "ዶት ጎቭ" ብሎ ያበቃል። ማመልከት ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ቢሮው ሦስት ነገር ያያል። በቂ ደመወዝ ነበራችሁ ወይ? ሥራው የቆመው በምን ምክንያት ነው? አሁን ለመሥራት ዝግጁ ናችሁ ወይ? አንዱ ከጎደለ ክፍያ የለም።

*ደመወዝ።* የሚታየው "ቤዝ ፒሪየድ" የሚባለው መነሻ ጊዜ ነው። ዓመቱ በአራት ሩብ ይከፈላል፤ ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ያመለከታችሁበት ሩብ ገና ስላላለቀ አይቆጠርም። ከእሱ በፊት ያለቀውም አይቆጠርም። ከዚያ ወደኋላ ያሉት አራት ሩቦች ናቸው የሚታዩት። በማርች 2026 ያመለከተ ሰው ከኦክቶበር 2024 እስከ ሴፕቴምበር 2025 ያገኘው ደመወዝ ይታይለታል። ወር ቆይቶ በኤፕሪል 2026 ያመለከተ ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2025 ያለው።

ይህ አዲስ ለመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በዲቪ መጥቶ በጁላይ 2025 ሥራ የጀመረና በማርች 2026 የተቀነሰ ሰው እንውሰድ። በተለመደው ስሌት አንድ ሩብ ብቻ ነው ያለው፤ አይበቃውም። ግን ሦስቱም ጋ አማራጭ መነሻ ጊዜ አለ፤ መጨረሻ ላይ የተጠናቀቁት አራት ሩቦች ይታያሉ። በዚህኛው ስሌት ሁለት ሩብ ይያዝለታልና ሊያልፍ ይችላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ "ደመወዛችሁ አይበቃም" ካለ "በአማራጩ ይታይልኝ" በሉ፤ ፔይ ስተባችሁንም አቅርቡ።

መጠኑስ? በዲሲ ከመነሻ ጊዜው በአንዱ ሩብ ቢያንስ 1,300 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ ቢያንስ 1,950 ዶላር ማግኘት ያስፈልጋል። በሜሪላንድ በከፍተኛው ሩብ ከ1,176 ዶላር በላይ ይፈለጋል፤ ጠቅላላው ደግሞ የከፍተኛው ሩብ አንድ ተኩል እጥፍ ሊሆን ይገባል። ቨርጂኒያ ሁለቱን ከፍተኛ ሩቦች ደምራ ቢያንስ 3,000 ዶላር ትጠይቃለች። ሙሉ ዓመት የሠራ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም።

የሳምንቱ ክፍያ በሜሪላንድ በግምት የከፍተኛው ሩብ ደመወዝ ለ24 ተካፍሎ የሚመጣው ነው። በከፍተኛው ሩብ 9,600 ዶላር ያገኘ ሰው በሳምንት 400 ዶላር አካባቢ ይደርሰዋል። ጣሪያው ለብዙ ዓመታት 430 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። የዲሲ ጣሪያ 444 ዶላር ነው፤ እዚያ የሚካፈለው ለ26 ነው። በዲሲና በሜሪላንድ ክፍያው እስከ 26 ሳምንት ይሄዳል። በቨርጂኒያ እንደ ደመወዛችሁ ከ12 እስከ 26 ሳምንት ነው። በዚህ ከተማ የቤት ኪራይ ይህ ብዙ አይደለም። ያም ሆኖ ሥራ እስኪገኝ ኪራይን ወይም የመኪና ክፍያን ይሸፍናል።

*ምክንያት።* ሥራ ስለቀነሰ፣ ድርጅቱ ስለተዘጋ፣ ኮንትራቱ ስላለቀ ከተቀነሳችሁ ቀላል ነው። ሰዓታችሁ ተቀንሶ አሁንም እየሠራችሁ ከሆነም ማመልከት ትችላላችሁ፤ ከፊል ክፍያ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በሳምንት ከአምስት ሺፍት ወደ ሁለት የወረደ የሆቴል ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ እስኪባረር መጠበቅ የለበትም።

ከተባረራችሁስ? መባረር ማለት ክፍያ ተከለከለ ማለት አይደለም። የሚታየው ጥፋት አለ ወይ የሚለው ነው። ሥራው ከበዳችሁ፣ ቀርፋፋ ናችሁ ተባላችሁ፣ አንድ ቀን ሒሳብ ተሳሳታችሁ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ስርቆት፣ ድብድብ፣ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ በማርፈድ መቀጠል ግን ጥፋት ነው። እንደ ክብደቱ ክፍያውን ለተወሰኑ ሳምንታት ያስቆማል ወይም ጭራሽ ያስከለክላል።

በራሳችሁ ፈቃድ ከተዋችሁት ሸክሙ ወደ እናንተ ይዞራል። በቂ ምክንያት እንደነበራችሁ ማስረዳት አለባችሁ። ደመወዝ አለመክፈል፣ አደገኛ የሥራ ቦታ፣ ያለ ስምምነት በጣም የተቀነሰ ክፍያ፣ ትንኮሳ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ተቀባይነት ሊያገኙ ይችላሉ። ቢሮው ግን "ከመተውህ በፊት ለማስተካከል ምን አደረግህ?" ብሎ ይጠይቃል። ለአለቃችሁ የላካችሁት ቴክስት እዚህ ዋጋ አለው። የሐኪም ደብዳቤም እንዲሁ። እንግዲህ ሥራ ለመተው እያሰባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። አንዳንድ አሠሪ "ሪከርድህ እንዳይበላሽ ራስህ እንደለቀቅህ ፈርምልኝ" ይላል። ደግነት ይመስላል። ያ ፊርማ ግን ክፍያችሁን ሊያስከለክል ይችላል። አትፈርሙ። "ወይ ፈርም ወይ ትባረራለህ" ተብላችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ ማመልከቻው ላይ በትክክል ይህንኑ ጻፉ፤ በግዳጅ የሆነ መልቀቅ ብዙ ጊዜ እንደ መባረር ነው የሚታየው።

*ዝግጁነት።* ጤናችሁ ይፈቅዳል ወይ፣ ነገ ሥራ ቢገኝ ትጀምራላችሁ ወይ፣ ሥራ እየፈለጋችሁ ነው ወይ። ልጅ የሚይዝላችሁ ከሌለ፣ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም አገር ውስጥ ከሌላችሁ ችግር ይፈጠራል።

የማይሸፈነው ማነው?

ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽ የሚነዳና በ1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ፣ ለራሱ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የገቢ ቅጽ) የሚከፈለው ሰው በተለመደው አንኢምፕሎይመንት አይሸፈንም። በኮቪድ ጊዜ ብዙ የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ክፍያ አግኝተው ነበር። ያ በ2020 በወጣ ልዩ ሕግ የተፈቀደ ጊዜያዊ ፕሮግራም ነው፤ በሴፕቴምበር 2021 አብቅቷል። "በኮቪድ ጊዜ አግኝቻለሁ፣ አሁንም ይገባኛል" የሚለው ሐሳብ ሰውን ያሳስታል።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ 1099 ስለሆነ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። ሰዓቱን የሚወስነው አለቃችሁ ከሆነ፣ በእሱ ዕቃና በእሱ ቦታ በእሱ ትእዛዝ የምትሠሩ ከሆነ በሕግ ፊት ሠራተኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በሬስቶራንት፣ በሆም ኬርና በጽዳት ሥራ ይህ ያጋጥማል። አመልክቱና ሁኔታውን አስረዱ፤ ቢሮው ይመረምራል።

በካሽ የሠራ ሰው ደመወዙ ስላልተመዘገበ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። የዜል ክፍያ፣ የባንክ ዲፖዚት፣ የሺፍት ፕሮግራም ያለበት ቴክስት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤት ሠራተኞች ደግሞ በመስከረም እንደሚመለሱ ማረጋገጫ ካላቸው ለክረምቱ እረፍት ብዙውን ጊዜ አይከፈላቸውም።

በፌዴራል ሕንፃዎች ውስጥ በኮንትራክተር በኩል በጥበቃ፣ በካፌቴሪያና በጽዳት የምትሠሩ ወገኖች ደግሞ ይህን እወቁ። በ2025 መገባደጃ መንግሥት ለ43 ቀናት ሲዘጋ ቋሚዎቹ የፌዴራል ሠራተኞች ያለፈውን ደመወዝ ኋላ ተቀብለዋል፤ የወሰዱትን አንኢምፕሎይመንትም መመለስ ነበረባቸው። ለኮንትራክተር ሠራተኛ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ሥራ በቆመ ሳምንት ማመልከት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ከመሙላታችሁ በፊት ምን ይዘጋጅ?

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ መንጃ ፈቃድ ወይም አይዲ፣ ዜጋ ካልሆናችሁ የግሪን ካርድ ወይም የወርክ ፐርሚት ቁጥርና የሚያልፍበት ቀን ይኑራችሁ። ያለፉት 18 ወራት አሠሪዎች በሙሉ ከነአድራሻቸው፣ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን ያስፈልጋል። የድርጅቱን ስም ከፔይ ስተቡ ወይም ከደብሊው-2 (አሠሪው በየዓመቱ ከሚሰጣችሁ የደመወዝና የግብር ቅጽ) ላይ ቅዱ፤ በር ላይ የተለጠፈው ስምና በግብር የተመዘገበው ስም ብዙ ጊዜ ይለያያል። የባንክ ራውቲንግና አካውንት ቁጥርም ያዙ። ሰቨራንስ (የስንብት ክፍያ) ወይም የቀረ የእረፍት ክፍያ ከተቀበላችሁ መጠኑን ጻፉ፤ ይቆረጥ አይቆረጥ ቢሮው ይወስናል፤ እናንተ አትደብቁ።

ስማችሁን በጥንቃቄ አስተያዩ። ለእኛ ይህ ልዩ ጣጣ አለው። በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ የአባት ስም፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ የአያት ስም፣ በአሠሪው መዝገብ ላይ ደግሞ ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። ማንነት ማረጋገጥ ላይ ማመልከቻው የሚንጠለጠለው በእንዲህ ያለ ልዩነት ነው። ማመልከቻው ላይ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። ልዩነት ካለ ሁለቱንም ሰነድ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

አሞላሉ

በኢንተርኔት መሙላት ፈጣን ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ነፃ ነው። በዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ አማርኛም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። እንግሊዝኛውን ቢያቀላጥፈውም "ለምን ተባረርክ?" ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሕጋዊ ቃላችሁ ይሆናል።

ከቅጹ ሁሉ ወሳኙ ሥራው የቆመበት ምክንያት ነው። አጭርና ቀንን የያዘ ይሁን። "በፌብሩዋሪ 20 ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ሥራ ስለቀነሰ ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረኝ" በቂ ነው። ስለ አለቃ ጠባይ፣ ስለ ሥራ ባልደረባ ወሬ አትጨምሩ። የተናደደ ጽሑፍ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ "ከዚያ በኋላ እኔም ተውኩት" የምትለዋ ለምሳሌ፣ ጉዳዩን በፈቃድ መልቀቅ ልታስመስለው ትችላለች። አሠሪያችሁም ለብቻው ይጠየቃል። ቀኑና ምክንያቱ ከእሱ መልስ ጋር ካልገጠመ ምርመራ ይከፈታል።

ስትጨርሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡ ደብዳቤዎች

መጀመሪያ የሚመጣው የደመወዝ ስሌት ነው። በየሩቡ ያገኛችሁት ገንዘብ ተዘርዝሮ፣ የሳምንቱ ክፍያ ተጽፎ ይመጣል። ይህ ደብዳቤ "ተፈቅዶላችኋል" ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያውን መመዘኛ ብቻ ነው የሚመልሰው። የጎደለ አሠሪ ካለ ወዲያው ደብሊው-2 እና ፔይ ስተብ ልካችሁ እንዲታረም ጠይቁ። አንድ የተረሳ ሩብ በየሳምንቱ ክፍያችሁን ሊያሳንስ ይችላል።

የሥራው መቆም ምክንያት ጥያቄ ካስነሳ የስልክ ቃለ መጠይቅ ይቀጠራል። ከማታውቁት ቁጥር ሊደወል ይችላልና በዚያ ቀን ስልክ አንሱ። በቀጠሮው ሰዓት ካልተገኛችሁ ውሳኔው አሠሪው በተናገረው ላይ ተመሥርቶ ሊወሰን ይችላል።

ዲሲና ቨርጂኒያ የመጀመሪያውን ሳምንት አይከፍሉም፤ የመጠበቂያ ሳምንት ይሉታል። ያም ሆኖ ያን ሳምንት መሙላት ግዴታ ነው። ሜሪላንድ ይህ የላትም።

በየሳምንቱ የሚሞላው

ማመልከቻው አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚያልቅ አይደለም። በየሳምንቱ "ሠርተሃል? ስንት አገኘህ? ለመሥራት ዝግጁ ነበርህ? ሥራ አልቀበልም ብለሃል?" ለሚሉት መልስ ትሰጣላችሁ። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው። አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ የዚያ ሳምንት ክፍያ ይቀራል፤ ፋይሉም ሊዘጋና እንደገና አስከፍቱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ውሳኔ እየጠበቃችሁ ቢሆንም፣ ይግባኝ ላይ ብትሆኑም በየሳምንቱ መሙላት አታቁሙ። ኋላ ብትረቱ የሚከፈላችሁ የሞላችሁት ሳምንት ብቻ ነው።

ትንሽ ከሠራችሁ ሪፖርት አድርጉ። የሚጻፈው ከግብር በፊት ያለው ሙሉ ደመወዝ ነው። የሚጻፈውም ሥራውን በሠራችሁበት ሳምንት እንጂ ቼኩ በገባበት ሳምንት አይደለም። በዚህ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። በሜሪላንድ የመጀመሪያው 50 ዶላር አይነካም፤ ከዚያ በላይ ያለው ይቀነሳል። በሳምንት 400 የሚከፈለው ሰው አንድ ሺፍት ሠርቶ 150 ቢያገኝ 300 ይከፈለዋል፤ ከደመወዙ ጋር 450 ገባለት ማለት ነው። መሥራት ያተርፋል። ኡበር መንዳትም፣ የወዳጅ ሱቅ ውስጥ በክፍያ ማገዝም ሥራ ነውና ይጻፋል።

ሥራ ፍለጋውንም መዝግቡ። ሜሪላንድ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ተግባር ትጠይቃለች፤ ከእነሱ አንዱ ለሥራ ማመልከት ሊሆን ይገባል። በዲሲና በቨርጂኒያ ሁለት አሠሪ ማነጋገር ይጠበቃል። ቀኑን፣ የድርጅቱን ስም፣ ያነጋገራችሁትን ሰው፣ በምን መንገድ እንዳመለከታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በሐበሻ ሬስቶራንት ገብታችሁ ባለቤቱን "ሥራ አለ?" ብላችሁ መጠየቅም ይቆጠራል፤ ስምና ቀን ግን ይኑረው።

አሁን ወደ አገር ቤት ጉዞ። ሥራ ሲቆም "እስከዚያው እናቴን ልይ" ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ሂዱ። ግን አዲስ አበባ ሆናችሁ የሳምንቱን ቅጽ "ዝግጁ ነኝ" ብላችሁ አትሙሉ። አሜሪካ ውስጥ ከሌላችሁ ለሥራ ዝግጁ አይደላችሁም። ከውጭ አገር መግባታችሁ በኮምፒውተር ይታወቃል፤ ሌላ ሰው እዚህ ሆኖ ቢሞላላችሁ ደግሞ ይብሳል። ፓስፖርታችሁ ላይ ማኅተም አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የጉዞውን ቀን ለቢሮው አሳውቁ፤ ስትመለሱ ያስቀጥላሉ። የቀሩት ሳምንታት የማመልከቻው አንድ ዓመት እስካላለፈ ድረስ ይጠብቋችኋል።

ቢከለክሏችሁ

የመጀመሪያ ውሳኔ የመጨረሻ አይደለም። ይግባኝ በዲሲና በሜሪላንድ በ15 ቀን፣ በቨርጂኒያ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው፤ እናንተ ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ "ውሳኔውን እቃወማለሁ፣ እንዲሰማልኝ እጠይቃለሁ፣ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ብሎ ስምንና የጉዳዩን ቁጥር መጻፍ ይበቃል።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚሰማው። ዳኛው አያውቃችሁም፤ ከዚያ በፊት የነገራችሁትንም እንደ አዲስ ይሰማል። ማስረጃችሁን በቀጠሮ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን አስቀድማችሁ ለዳኛውም ለአሠሪውም ላኩ። ያየ ሰው ካለ ራሱ ይቅረብ፤ የጻፈው ደብዳቤ የቃሉን ያህል አይመዝንም። አስተርጓሚው ስህተት ከተረጎመ ወዲያው "እንደዚያ አላልኩም" በሉ። ነውር አይደለም፣ መብት ነው።

ነፃ የሕግ ድጋፍም አለ። ሜሪላንድ ሌጋል ኤይድ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ይይዛል። በዲሲም የሠራተኛ ማኅበራቱ የሚመሩት፣ ለአመልካቾች በነፃ የሚከራከር ፕሮግራም አለ። ደብዳቤው እንደደረሰ ደውሉ፤ በቀጠሮው ዋዜማ ሲደወልላቸው ብዙ ሊያደርጉ አይችሉም።

ገንዘብ መልሱ ቢሏችሁ፣ ወይም አጭበርባሪ ቢደውል

በስህተት የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል። ስህተቱ የእናንተ ካልሆነና መመለሱ ካጎሳቆላችሁ ዕዳው እንዲነሳ ወይም በትንሽ በትንሽ እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል። ዝም ማለት ግን የታክስ ሪፈንዳችሁን ያስወስዳል። ሆን ብሎ መዋሸት ከተረጋገጠ በላዩ ላይ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት አለው፤ ወደ ወንጀልም ሊሄድ ይችላል።

"ከቢሮው ነው" ብሎ የመግቢያ ቁጥራችሁን ወይም የባንክ ሚስጥራችሁን በቴክስት የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። ሳታመለክቱ በስማችሁ የክፍያ ደብዳቤ ከመጣም ሌባ ሶሻል ሴኩሪቲያችሁን ተጠቅሟል ማለት ነውና ወዲያው ለስቴቱ ሪፖርት አድርጉ። በቴሌግራምና በቲክቶክ "በኮሚሽን እሞላለሁ" ለሚል ሰውም ፓስወርድ አትስጡ። በስማችሁ ለተጻፈው ሁሉ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

ታክስ

ክፍያው ለፌዴራል ታክስ ይታሰባል። ስታመለክቱ 10 በመቶ እንዲያዝላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ አቅም ካላችሁ እሺ በሉ። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች "ሪፈንዴ የት ሄደ?" ብለው የሚደናገጡት ብዙ ጊዜ ይህን ስላላስያዙ ነው። በጃንዋሪ 1099-ጂ የሚባል ቅጽ ይላክላችኋል ወይም በአካውንታችሁ ላይ ይገኛል። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ከደብሊው-2 ጋር አብራችሁ ስጡት። ቤት ከቀየራችሁ ክፍያው ቢያበቃም እንኳ አድራሻችሁን እዚያው አካውንት ላይ አስተካክሉ፤ ያ ቅጽ፣ ኋላ የሚመጣ የምርመራ ደብዳቤም ጭምር፣ የሚላከው እዚያ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው።